ሩት 66 ላይ የት እንቁም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በሐምሌ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አሜሪካ ውስጥ ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ ሩት 66 በሚባለው አሮጌ አውራ ጎዳና በመኪና ልንሄድ ነው። ልጆቹ 7 እና 10 ዓመታቸው ነው፤ መኪና ውስጥ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። 14 ቀን አለን። ለየት ያለ ነገር የምናየው የት ብንቆም ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ጂፒኤሱን አትመኚው። ፈጣኑን መንገድ ስለሚመርጥ ወስዶ ኢንተርስቴት የሚባለው አዲሱ ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ይጥልሻል። ሩት 66 በፈረንጆቹ 1926 ተከፍቶ በ1985 ከአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች መዝገብ ተሰርዟል። አሮጌው አስፋልት ግን ብዙ ቦታ ላይ ዛሬም ይነዳበታል። መንገዱ 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቀን 300 ይበቃችኋል።

ኦክላሆማ ውስጥ ካቱሳ ላይ ቁሙ። ኩሬ ዳር በሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አለ። አንድ ባል ለጋብቻ በዓላቸው ለሚስቱ የሠራው ስጦታ ነው። ልጆቹ በአፉ ይገቡለታል።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ካዲላክ ራንችን ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከአማሪሎ በስተምዕራብ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ከ1974 ጀምሮ 10 ካዲላክ መኪኖች ፊታቸው መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ ኋላቸው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ተሰልፈዋል። የመጣ ሁሉ በስፕሬይ ቀለም ይጽፍባቸዋል፤ ማንም አይከለክልም። ቀለሙ ከመደራረቡ የተነሳ የመኪኖቹ ቅርጽ ራሱ ወፍሯል። ልጄን ይዣት ስሄድ 9 ዓመቷ ነበር። ስሟን በቢጫ ጻፈች። «ነገ ሌላ ሰው ይቀባበታል» አልኳት። «ይቀባበት፣ ከሥር ይኖራል» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሜዳው ነፋሻ ስለሆነ አሮጌ ልብስ አልብሻቸው። ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው ይርጩ። ባዶ ጣሳውን ደግሞ እባክሽን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሜዳው ላይ ተጥሎ ሳይ በጣም ያናድደኛል።

አሪዞና ውስጥ ፔትሪፋይድ ፎረስት ፓርክን እንዳታልፉት። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው ግንዶች ድንጋይ ሆነው ተጋድመዋል። አሮጌው ሩት 66 በዚያ ያልፍ በነበረበት ቦታ አንድ የዛገ የ1932 ስቱድቤከር መኪና ቆሟል። ከድንጋዮቹ አንዲት ፍንጣሪ እንኳ ማንሳት ክልክል ነው፤ ለልጆቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ማታውን እዚያው አቅራቢያ ሆልብሩክ እደሩ። ዊግዋም ሞቴል የሚባል አለ፤ እያንዳንዱ ክፍል በድንኳን ቅርጽ የተሠራ ነው። አልጋውን ግን ከአሁኑ ያዢ። ክፍሎቹ 15 ብቻ ናቸው።