አብራችሁ ነው የምትበሉት?

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ደወለልኝ። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ነው፤ ዲቪ ደርሶት እዚህ ሜሪላንድ ከገባ ሁለት ዓመቱ። ባለቤቱ በቅርቡ ወልዳለች። ሰላምታውን ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ለሕፃኑ ሜዲኬይድ ብናወጣለት ግሪን ካርዳችንን ይነጥቁናል የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። ሜዲኬይድ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የሕክምና መድን ነው። ማን አለህ ብለው፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የሰማው ወሬ ነው።

አይነጥቋችሁም አልኩት። ልጁ እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው፣ መብቱም የራሱ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ተናደድኩ። በእሱ አይደለም። ካውንቲ ቢሮ ውስጥ የፉድ ስታምፕ፣ ማለትም የመንግሥት የምግብ መግዣ ርዳታ፣ እና የሜዲኬይድ ማመልከቻ ስቀበል 26 ዓመት ኖሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ጥያቄው ግን ያው፣ ፍርሃቱም ያው ነው። ስለዚህ ለእናንተ ለወጣቶቹ ትንሽ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

እኔ በሱዳን አድርጌ የመጣሁት በ1984 ነው። ያኔ ፉድ ስታምፕ እንደ ትንሽ ደብተር የተጠረዘ የወረቀት ኩፖን ነበር። ካሸሯ ፊት ቆመህ አንድ በአንድ እየገነጠልክ ትከፍላለህ፤ ከኋላህ የተሰለፈው ሁሉ ያይሃል። ሦስት ወር ተጠቀምኩበት። ሁልጊዜ ማታ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ ሐበሻ የማይኖርበት ሰፈር ድረስ ሄጄ። አንድ ማታ ተራዬ ሊደርስ ሲል ከኋላዬ በአማርኛ «እንዴት አመሸህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሩዙን፣ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ሌላ የሚበላ አልነበረም። ኩራቱ እራቱ የሚባለው እኔ ነበርኩ። ከሰውዬው ጋር በኋላ ፓርኪንግ አብረን ሠራን፣ ወዳጅ ሆንን፤ ያን ማታ እሱም ኪሱ ውስጥ ኩፖን ይዞ ነበር።

አሁን ካርድ ነው፤ ከባንክ ካርድ ብዙም አይለይም። ሐፍረቱ ግን በካርድ አልጠፋም።

ቢሮ በገባሁ በዓመቱ አዲሱ ሕግ መጣ። ክሊንተን ኦገስት 22 ቀን 1996 ፈረሙት። ብዙ ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች፣ ዜጋ እስኪሆኑ ወይም አሥር ዓመት ያህል ሠርተው ታክስ እስኪከፍሉ ድረስ፣ ከፉድ ስታምፕና ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ከሚሰጠው ኤስኤስአይ እንዲወጡ ታዘዘ። ደብዳቤውን ይዘው የሚመጡት ሽማግሌዎች «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ይሉኝ ነበር። ምን ብዬ ልመልስ? ምንም አላጠፉም። ከዚያ በኋላ ከተወሰደው የተወሰነው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ለምሳሌ ከ2002ቱ ሕግ ወዲህ ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ለፉድ ስታምፕ አምስት ዓመት ይጠብቃል፣ ልጆች አይጠብቁም። ያኔ ግን ሰው ሁሉ ወደ ዜግነት ሮጠ። ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊቶች የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ስም ሲያጠኑ አይቻለሁ። አሜሪካን ወድደው ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የኪራያቸው ነገር ነው። አንዳንዶቹ በኋላ ወደዷት፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንዲት እናት ነበሩ፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ጥገኝነት ያገኙ። የሚኖሩት ያስጠጓቸው የሐበሻ ቤተሰብ ቤዝመንት ውስጥ ነው። የፉድ ስታምፕ ሕግ አንድ ቤት ውስጥ ከሚኖሩት መካከል እንደ አንድ የሚቆጥረው፣ ባልና ሚስትንና ልጆቻቸውን ትተን፣ ምግብ አብረው የሚገዙትንና አብረው የሚያበስሉትን ነው። ባልደረባዬ በስልክ አስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። ጥያቄው በአማርኛ ሲደርስ «ከቤቱ ሰዎች ጋር አብራችሁ ነው የምትበሉት?» ሆነ። እሳቸው ደነገጡ። «እንዴ! ታዲያ ለብቻዬ ልበላ ኖሯል? ምን በወጣኝ!» አሉ። ተጻፈ። የባልና ሚስቱ ደመወዝ ተደመረባቸውና ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

እኔ ጋ የመጡት ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልለው ነው። ቁጭ ብለን ስንጫወት ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እሳቸው አንድም ጾም አያልፋቸውም፤ የቤቱ ሰዎች አይጾሙም። ሽሯቸውን ራሳቸው ይገዛሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፣ የቅባቱ ማንኪያ እንዳይነካባቸው ዕቃቸውን በቀይ ክር አስረው ለይተዋል። አብረው የሚቀርቡት ለበዓል ነው። ሕጉ ለጠየቀው ጥያቄ እውነተኛው መልሳቸው «አይ» ነበር። አስተዳደጋቸው ግን «አዎ» አሰኛቸው። እኛ አብሮ መብላትን ዝምድና እንለዋለን፤ ፎርሙ ገቢ ይለዋል። እንደገና አመልክተን ተፈቀደላቸው። ሲፈርሙ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቺን ወረቀት የቤቱ ሰዎች እንዳያዩብኝ» አሉኝ።

ስለዚህ ልጆች፣ ፎርም ፊት ስትቀመጡ ይሉኝታውን ትታችሁ «ይህ ጥያቄ ምን ማለት ነው?» በሉ። ዋሹ አላልኩም። ውሸት ኋላ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ ባስ ካለም ፍርድ ቤት ያስቆማል፤ ካሽ የሚከፈላችሁም ቢሆን ተናገሩ። ዕቁብ የምትጥሉም አስቡበት። ኤስኤስአይ የሚወስድ ነጠላ ሰው በእጁ እንዲኖረው የሚፈቀደው 2,000 ዶላር ነው፤ ከ1989 ጀምሮ አንድ ዶላር አልጨመሩበትም። አባትህ ዕቁብ ደርሷቸው ባንክ ሲያስገቡት መንግሥት የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። የሃያ ሰው ጥርቅም መሆኑን አያውቅም።

ወሬን ደግሞ ፍሩ። «የመንግሥት ሸክም ይሆናል» ተብሎ ሰው ወደ አገር እንዳይገባ ወይም ግሪን ካርድ እንዳያገኝ የሚከለከልበት ሕግ አዲስ አይደለም፣ ከ1882 ጀምሮ ያለ ነው። በ2019 አጥብቀውት፣ በ2020 ሥራ ላይ አውለውት፣ ማጥበቂያው በ2021 ተነሣ። በዚያ መሀል ሕጉ ጭራሽ የማይመለከታቸው ሰዎች የልጆቻቸውን ፋይል ሊያዘጉ ቢሮዬ ተሰለፉ። ዜጋ የሆኑ ልጆች! ለምኜ የመለስኩት አለ፣ ያቃተኝም አለ። ሕጉ አሁንም መለዋወጡን አልተወም። በጁላይ 2025 የወጣው ደግሞ ስደተኛና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ እስኪይዝ ከፉድ ስታምፕ አስወጥቶታል። ያቺ የቀይ ክር እናት ዛሬ ቢመጡ የምነግራቸው ሌላ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የአምናውን መልስ ለዘንድሮ አትጠቀሙበት፤ ነፃ የሕግ ርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶችን ጠይቁ። ከእኔም አትስሙ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ።

ደብዳቤ ሲመጣ ክፈቱት። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ! ሰው የሚቆረጥበት አብዛኛውን ጊዜ ስለማይገባው አይደለም፤ የማደሻው ቀን ፍሪጅ ላይ በተከመረ ፖስታ ውስጥ ስላለፈበት ነው። ውድቅ ካደረጓችሁም ይግባኝ አለ፤ ለፉድ ስታምፕ 90 ቀን ነው። ይግባኝ ማለት ጠብ መፈለግ የሚመስለው ሐበሻ ብዙ ነው። አይደለም፣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

አስተርጓሚም ነፃ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ግድግዳ ላይ «ነፃ አስተርጓሚ» የሚለውን በገዛ ፊደሌ ያነበብኩ ቀን፣ አልዋሽም፣ ከዜግነት መሐላዬ የበለጠ ተሰማኝ። ልጆቻችሁን ግን አታስተርጉሙ። የአሥር ዓመት ልጅ የአባቷን የኪራይ ዕዳ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። ቁጥሩን ቀንሳ ነው የነገረችኝ።

ያ የደወለልኝ ልጅ ትናንት ደግሞ ደወለ። ማመልከቻውን አስገብቶ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘውለታል። አስተርጓሚ ጠይቅ አልኩት።

«እንግሊዝኛ እችላለሁ እኮ ጋሼ» አለ።

«ለሚስትህ» አልኩት።