ራስ ደጀን ላይ ብቻዬን ልውጣ?

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው አዘዞ ነው፤ ሠላሳ ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ክረምት እጮኛዬ ትታኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰው መሃል መቀመጥ ያስጠላኛል። ማታ ማታ ብቻቸውን ተራራ የሚወጡ፣ በረሃ የሚያቋርጡ ወንዶችን ቪዲዮ አያለሁ። እኔም ያለ ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርኩ አጃቢ)፣ ብቻዬን ራስ ደጀን ልወጣ ቆርጫለሁ። ለጓደኛዬ ብነግረው «አንተ? ሁለት ቀን አትቆይም» ብሎ ሳቀ። እናቴ ደግሞ አለቀሰች። ካልሄድኩ ግን ወንድ የሆንኩ አይመስለኝም። ምን ይመክሩኛል?
የከፋው፣ ከአዘዞ

ወንድሜ፣ ብቻ መሆን ቢያምርህ ነውር የለውም። ከሰሜን ተራሮች ማዶ፣ ዋልድባ ገዳም፣ እህል ትተው ቋርፍ የሚባል ከሥራ ሥር የሚሠራ ምግብ እየበሉ የሚኖሩ መናንያን አሉ። እነሱ ግን የሚገቡት ሰው እንዲያያቸው ብለው አይደለም። አንተ የሳቀብህን ጓደኛና የሄደችውን ልጅ ይዘህ ልትወጣ ነው።

ቪዲዮውንም እስቲ ልብ ብለህ እየው። ድንኳኑና ምግቡ በማን ጀርባ ወጣ? የሰሜን ተራሮች ፓርክን ጎብኚ የሚዞረው ከስካውት ጋር ነው። ስካውቱ የዚያው አገር ሰው ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ መሣሪያውን አንግቶ፣ በኮንጎ ጫማ ያንን ገደል ይወጣል። በቅሎ ጫኙ ከኋላ ይከተላል። ካሜራ ሲከፈት ሁለቱም ዞር በሉ ይባላሉ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። በዚያ ብርድ ሌላውን ሲጠብቅ የሚያድር ሰው ወንድነቱ ለምን አይቆጠርለትም?

ሂድ፤ ግን ስካውት ያዝ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ አለ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመህ አጣራ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር በሚባለው የድንኳን ሰፈር እደር፣ ከዚያ ግጭ በሚባለው፤ አትቸኩል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ከፍታ ደግሞ ጉልበተኛ ነህ ብሎ አይምርህም። ራስህን ካመመህና ካቅለሸለሸህ ወደ ላይ አትቀጥል፤ ካልተሻለህ ውረድ። ሰው ከፍታ ሲበረታበት መደናበሩን ራሱ ላያውቀው ይችላል፤ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ዝምታ ከፈለግህ ስካውቱን ትንሽ ራቅ ብለህ ተከተለኝ በለው፤ ይገባዋል።

ስለ ልጅቷ ለማንም አላወራህም መሰለኝ። ከመሄድህ በፊት ለእናትህ ንገራት። ያለቀሰችው ተራራውን ፈርታ ብቻ አይመስለኝም። የምትመለስበትንም ቀን ንገራትና ደባርቅ ስትደርስ ደውልላት።