የወይራ ዘይቱን ለጊዜው አስቀምጪው፤ መጀመሪያ አንድ ጠብታ ውኃ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ልድገመው፦ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፣ ደርቆ ጠንክሯል፣ የታች ጥጎቹ ነጥተዋል፣ ዘለበቱ አረንጓዴ ነገር አውጥቷል፣ የውስጥ ኪሱ ደግሞ እጅ ላይ ይጣበቃል። «ውኃ ውስጥ ልዘፍዝፈው ወይስ የወይራ ዘይት ልቀባው?» ነው ያልሽው። ለጊዜው ሁለቱንም ተዪው። አሮጌ ቦርሳ ቤት ውስጥ የሚበላሸው በአብዛኛው ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ነው፤ ሳይጸዳ ይቀባል፣ ሳይደርቅ ቀለም ይነካል። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የያዝሽው ምን ዓይነት ቆዳ እንደሆነ እወቂ። ሰው በማያየው ቦታ፣ ለምሳሌ ከክዳኑ ሥር፣ አንድ ጠብታ ንጹሕ ውኃ አድርጊና አንድ ደቂቃ ጠብቂ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆየ ቆዳው ላይ የቀለም ሽፋን አለ፤ እንዲህ ያለው እርጥብ ጨርቅ ይችላል። ጠብታው ሰርጎ ቦታው ከጠቆረ ቆዳው ክፍት ነው፤ ውኃም ቅባትም እድፍም እኩል ይጠጣል። ክፍት ቆዳ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ለይቶ ማጽዳት ክብ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ ከስፌት እስከ ስፌት ያለውን ገጽ በሙሉ፣ በእኩል ርጥበት ነው የሚጸዳው። ጸጉራም ገጽ ያለው ስዊድ ከሆነ ውኃም ክሬምም አይነካውም፤ ደረቅ ብሩሽና ላጲስ ነው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ፓተንት እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ቢጫ ከሆነ ግን አይመለስም።

ቆዳ መሆኑንም አረጋግጪ። የተቆረጠ ጠርዝ ፈልጊና ተመልከቺ፤ እውነተኛ ቆዳ በቃጫ የተሞላ ሥጋ ይመስላል፣ አስመስሎ የተሠራው ግን ከላይ ስስ ላስቲክ፣ ከሥር የተሸመነ ጨርቅ ነው። ላስቲኩ እየተላጠ ከሆነ የምትቀቢው ሁሉ ከንቱ ነው። ሌላ አንድ ፈተና አለ፦ በነጭ ደረቅ ጨርቅ ቀስ ብለሽ አሺው። ቀይ ቡናማ ዱቄት ከወጣ ቆዳው ራሱ እየተበላ ነው ማለት ነው። ይህ በእጽዋት የለፋ በጣም አሮጌ ቆዳ ላይ የሚታይ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ውኃ ካገኘው ይጠቁራል፣ ይደነድናል። የሚደረግለት በአልኮል የሟሟ ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የሚባል ማጠናከሪያ ቀብቶ ዱቄቱን ማስያዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለመደርደሪያ እንጂ ለመያዣ አይሆንም።

ነጭ ነገር ካየሽ ሁሉ ሻጋታ ነው አትበዪ። የፀጉር ማድረቂያውን በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሳዪው። ነጩ ቀልጦ ከጠፋ ከቆዳው ውስጥ የወጣ ስብ ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፣ ሌላ አያስፈልገውም። ካልጠፋና ከሸተተ ግን ሻጋታ ነው። አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ቦርሳውን ከቤት አውጪው፤ ብናኙ ቤት ውስጥ ከተበተነ ሌላም ዕቃ ይይዛል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፊ። ከዚያ 70 በመቶ አልኮልን ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል ለእኩል ደባልቀሽ ጨርቅ አርጥቢና ጥረጊ። አትርጪ፣ አታንጠባጥቢ። አልኮል ቀለም ሊያነሣ ስለሚችል በድብቅ ቦታ ሳትሞክሪ አትጀምሪ፤ ጨርቁ ላይ ቡናማ ከታየ ያን ቦታ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጨርሺው።

አሁን ወደ ማጽዳቱ። ባዶ አድርጊው፣ የውስጥ አቧራውን በቫኪዩም ጠባብ አፍ ሳቢ፣ የስፌቱን መስመር በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊ። ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ የሱፍ ልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ ይበቃል። ስፖንጁን ነክረሽ ጨምቂና አረፋውን ብቻ ተጠቀሚ፤ ውኃው ቆዳው ላይ መፍሰስ የለበትም። በቀላል እጅ፣ አንዱን ገጽ ጨርሰሽ ወደ ሌላው እለፊ። ወዲያው በንጹሕ ውኃ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ሁለተኛ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥረጊው። ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ የቀረ ሳሙና ግን ቆዳውን ያደርቃል፣ ኋላ የሚቀባውም ቀለም አይይዝም።

ተራ የገላ ወይም የልብስ ሳሙና ለምን አይሆንም? የለፋ ቆዳ ወደ አሲድ ያዘነበለ ነው፤ ፒኤች መጠኑ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲድ ነው) ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። ድፍን ሳሙና ደግሞ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ 9 እና 10 ይደርሳል። ሁለቱ በተደጋጋሚ ሲገናኙ የማልፊያው ንጥረ ነገር ይላላል፣ ቆዳው ይደነድናል። ለኮርቻ የተሠራው ሳሙና እንኳ ብዙውን ጊዜ አልካሊ ነው፤ ወፍራም ኮርቻ ቢችለውም ለስስ የእጅ ቦርሳ አልመክረውም። የሕፃናት መጥረጊያ ሶፍትም በየቀኑ ከሆነ ቀስ በቀስ ሽፋኑን ያነሣል።

እጀታው ላይ ያለው ጥቁረት የላብና የእጅ ቅባት ነው። የበቆሎ ስታርች በደንብ ነስንሰሽ አሳድሪው፣ ጠዋት አራግፊ፣ ከዚያ አረፋውን ድገሚ። ክፍት ቆዳ ከሆነ በሙሉ አይለቅም። ሲቀል አቁሚ፤ አጥብቀሽ ከፈገፈግሽ ጥቁረቱ ሳይሆን ቆዳው ነው የሚሄደው። የእስክሪብቶ ቀለም ላይ ደግሞ አልኮል የነካ የጆሮ ጥጥ ጫን ጫን እንጂ ማሸት አይደለም፤ ካሸሽው ነጥቡ ወደ ደመና ይሰፋል።

ስለመዘፍዘፍ። ይህ ምክር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ፣ ገበር የሌላቸው፣ ከአንድ ወፍራም ቆዳ የተሰፉ የኮች (የአሜሪካ ቦርሳ አምራች) ቦርሳዎችን የሚያድሱ ሰዎች ውኃ ውስጥ ይነክሯቸዋል፣ ብዙውን ጊዜም ይሳካላቸዋል። ያንቺው ግን ገበር አለው፣ ከገበሩ ሥር ደግሞ ቅርጹን የሚይዝ ካርቶን ይኖራል። ካርቶኑ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ኮላው ይለቃል፣ የቆዳው ቀለም ወደ ገበሩ ይሰርጋል፣ ከውስጥ ያሉት የብረት ካስማዎች ይዝጋሉ። የካርቶን ቅርጽ አንዴ ከተጣመመ የሚመልሰው የለም።

ማድረቂያው ጥላና ነፋስ ነው። ውስጡን በነጭ ጨርቅ ወይም ባልታተመ ወረቀት ሙዪው (የጋዜጣ ቀለም ይታተማል)፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተዪው። ፀሐይ፣ ምድጃ፣ ማሞቂያ አጠገብ አታድርጊ። በእጽዋት የለፋ እርጥብ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይኮማተራል፤ ያረጀው ደግሞ ከዚያም በታች። የፀጉር ማድረቂያ በቅርብ ሲያዝ እዚያ መድረስ አያቅተውም፣ የተኮማተረ ቆዳ ደግሞ ተመልሶ አይዘረጋም።

የሚጣበቀው ኪስ ሌላ ጣጣ ነው። እድፍ አይደለም፤ የገበሩ የፖሊዩረቴን (የፕላስቲክ ዓይነት) ሽፋን በአየር ርጥበት እየፈረሰ ነው። ዱቄት መነስነስ ለጥቂት ቀን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም። ኪሱ ወደ ውጭ የሚገለበጥ ከሆነ 70 በመቶ አልኮል በነካ ሸካራ የጥጥ ጨርቅ ሽፋኑን በሙሉ እስከ ጨርቁ ድረስ አሽተሽ አንሺው፤ ግማሹን ትተሽ ግማሹን ካነሣሽ ያው ነው። አልኮሉ ወደ ውጪው ቆዳ እንዳይሰርግ ከሥሩ ፎጣ አድርጊ። ገበሩ በሙሉ ከተበላሸ መቀየር ይሻላል። የላይኛውን የቆዳ ስፌት አትፍቺ። አሮጌውን ገበር ከአፉ አንድ ሴንቲሜትር ያህል አስቀርተሽ ቁረጪው፣ የወጣውን እንደ ልክ ተጠቅመሽ አዲስ የጥጥ ገበር ስፊ፣ ከዚያ ከቀረችው ጠርዝ ጋር በእጅ አያይዢው። የፋብሪካው ስፌት ሳይነካ ይቀራል።

ሽታው ከጽዳት በኋላም ከቀረ፣ የተፈጨ ከሰል ወይም ቤኪንግ ሶዳ በስስ ጨርቅ ቋጥረሽ ከቦርሳው ጋር ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አኑሪው፤ በየሦስት አራት ቀኑ ቀይሪው። ሶዳውን በቀጥታ ውስጡ አትድፊው፤ ስፌት ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ ሲረጥብ ደግሞ አልካሊ ነው። ሽቶ መርጨት ሽታ ላይ ሽታ መጨመር ነው።

ዘለበቱን ከመወልወልሽ በፊት ድፍን ናስ ወይስ ቅብ መሆኑን ለዪ። ማግኔት ከያዘው ውስጡ ብረት ነው። ካልያዘው ግን ናስ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ ዚንክም ማግኔት አይዘውም። የተፋቀ ጠርዝ ፈልጊ፦ ከሥሩ ግራጫ ከታየ ቅብ ነው፣ በማስወልወያ ከነካሽው ወርቅማው ይጠፋል። አረንጓዴው ነገር መዳብ ያለበት ብረት ከቆዳው ስብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ነው፤ በስቴኪኒ ቀስ ብለሽ አንሺው፣ የቀረውን አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ። ቆዳውን ለመከላከል ስስ ላስቲክ ሰንጥቀሽ ከዘለበቱ ሥር አስገቢ፤ ፕላስተር አትለጥፊ፣ ሲነሣ ሽፋኑን ይዞ ይነሣል። ሎሚና ጨው የሚሉሽን አትስሚ፤ ጠብታው ቆዳው ላይ ከወደቀ ምልክት ይተዋል፣ የዛገ ብረት ካለበት ደግሞ በእጽዋት በለፋ ቆዳ ላይ ሰማያዊ ጥቁር እድፍ ይወጣል። ዚፑ ከከበደ ጥርሱ ላይ ሻማ ወይም የእርሳስ ጫፍ አመላልሺ። ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

ወደ ቅባቱ መጣን። ለመካከለኛ ቦርሳ ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ የቆዳ ክሬም ይበቃል፤ ይህን ስል ብዙ ሰው አያምነኝም። ጨርቁን ቀቢ፣ ቆዳውን አይደለም። በስሱ አዳርሺው፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ጠብቂ፣ አሁንም ደረቅ ከሆነ አንዴ ድገሚ። ሦስተኛ የለም። ገጹ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ከቀረ ቆዳው ጠግቧል። የቀለም ሽፋን ያለው ቆዳ እንዲያውም ጥቂት ብቻ ነው የሚጠጣው፤ የሚለሰልሰው ቀስ እያልሽ ስታጥፊና ስትዘረጊው ነው። የተሰነጠቀ ቦታን ክሬም አይገጥመውም፣ ቃጫው ተበጥሷልና። እሱ የቆዳ መሙያ በስስ በስሱ፣ በየመሃሉ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እየተላገ ነው።

የወይራ ዘይት ዛሬ ያምራል። ግን አይደርቅም፤ ከወራት በኋላ ይከረፋል፣ ቆዳውን እዚህም እዚያም ያጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል። ቫዝሊን ከላይ ተኝቶ ይቀራል። ከከብት እግር የሚወጣው ዘይት ደግሞ ለኮርቻ ጥሩ ቢሆንም ቀለም ያጠቁራል፤ ቡናማሽ ጥቁር ቡናማ ቢሆን ካልከፋሽ ያንቺ ምርጫ ነው።

የነጡትን ጥጎች ግን ክሬሙ አይንካቸው፤ ቅባት ላይ ቀለም አይይዝም። የጫማ ቀለምም አይሆንም፣ እየለቀቀ ልብስሽን ያበላሻል። የሚያስፈልግሽ ለቆዳ የተሠራ አክሪሊክ ቀለም ነው። ጥጉን አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊ፣ የቆመውን ቃጫ በ600 ቁጥር ወረቀት ቀስ ብለሽ አስተኚ። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ከቦርሳው ቀለም ቀለል አድርገሽ ደባልቂና ከሥሩ ሞክረሽ እስኪደርቅ ጠብቂ። በትንሽ ስፖንጅ ነካ ነካ እያደረግሽ፣ ወደ ዳር እያሳሳሽ፣ ከሦስት እስከ አምስት ስስ ሽፋን ስጪው፤ በየመሃሉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። አንድ ወፍራም ሽፋን በመጀመሪያው መታጠፍ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ የማያብረቀርቅ መዝጊያ ቀቢና ሁለት ቀን ሳትነኪው ተዪው።

የተፈታ ስፌት ካለ በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ፣ በሁለት መርፌና በሰም በተቀባ ፖሊስተር ክር መልሺው። የቤት የልብስ ስፌት መኪና አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፣ ያረጀ ቆዳ ደግሞ በቀዳዳው መስመር እንደ ቴምብር ይቀደዳል። የተላቀቀ ጠርዝ ላይ አሮጌውን ኮላ ፍቀሽ ማስቲሹን ሁለቱም ገጽ ላይ በስሱ ቀቢ፣ አሥር ደቂቃ ያህል አናፍሺውና ተጭነሽ አጣብቂ።

ማንገቻው ከሥሩ እየተቀደደ ከሆነ፣ የአፉ ብረት ከተጣመመ፣ ወይም ቆዳው የአዞ ወይም የእባብ ሆኖ ቅርፊቱ ከተነሣ ለባለሙያ ስጪው። ለሰብሳቢ ልትሸጪው ካሰብሽም ቀለም አትንኪ፤ ንጹሕ ሆኖ የነጣ ጥግ ከተቀባ ጥግ የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

ስታስቀምጪው ውስጡን ሞልተሽ፣ በጥጥ ከረጢት፣ የአየሩ ርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ በሆነ ቦታ ይሁን። ፌስታል ሻጋታውን ይመልስልሻል። በማንገቻው አትስቀዪው፣ ዘለበቱንም በወረቀት ጠቅልዪው፣ ቆዳው ላይ እንዳያትም። እስከዚያው የጠብታውን ፈተና አድርጊና ሰርጎ ወይም ክብ ሆኖ እንደቀረ ከጥጎቹ ፎቶ ጋር እዚሁ ጻፊልን፤ የቀለሙን ድብልቅ ያኔ እናያለን።