«የሰነፍ ሒሳብ» የመረጠችው ልጅ

ከባሕር ዳር የጻፉልኝ እናት በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ያዥ ናቸው። ልጃቸው 10ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ማኅበራዊ ሳይንስ መርጣለች። «ሒሳብ የምትችል ልጅ እንዴት የሰነፍ ሒሳብ ትመርጣለች? ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ እንዴት ልመልሳት?» ይላሉ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ሒሳቡ። ማኅበራዊ ሳይንስ የገባ ተማሪም ሒሳብ ይማራል፤ 12ኛ ክፍል ላይም ይፈተናል። ፈተናው ብቻ ለየብቻ ነው። የማኅበራዊው ልጅም ስታቲስቲክስ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ (ባለ ውስን ሀብት የተሻለውን ውጤት የማግኛ ስሌት) እና ወለድን የመሰለ የንግድ ስሌት ይሠራል። (እርስዎ ቢሮ ሲሠሩት የሚውሉት ሒሳብ ይህንኑ አይመስልም?) እርግጥ ሕክምናና ምህንድስና በዚህ በር አይገባም። ይህን ልጅዎ አውቃ መወሰን አለባት። ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግና ሕግ ግን አሉ። ስጋትዎም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በ30 ነበር፤ 70ው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ። «ማኅበራዊ የሚገባው ያልሆነለት ነው» የሚለው ወሬ ያኔ የበረታ ይመስለኛል።

ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ላይ ቀረ። «እስከ 8ኛ ክፍል የማስጠናት እኔ ነበርኩ፤ ራት ከተነሳ በኋላ ጠረጴዛው የእኔና የእሷ ነበር» ይላሉ። ትንሽ ዝቅ ብለው ደግሞ «አሁን ስገባ ደብተሯን ትዘጋለች» ብለው ወዲያው ወደ ጎረቤት ልጅ ውጤት ያልፋሉ።

እኔ እዚያው ቆምኩ። እናትና ልጅ የሚቀራረቡበት ነገር በየቤቱ ይለያያል። በእናንተ ቤት ሒሳብ ነበር። ስለዚህ ልጅቷ ማኅበራዊ ስትመርጥ እርስዎ የሰሙት «ተፈጥሮ ሳይንስ አልፈልግም» የሚለውን አይመስለኝም። «አንቺን አልፈልግም» ያለችዎት መስሎ ተሰምቶዎታል። ንዴትዎ ከጉዳዩ በላይ የገነነው ለዚህ ይሆናል።

አሁን ትንሽ ላስቀይምዎ ነው። አንዴ 92 አምጥታ «ስምንቱ የት ሄደ?» እንዳሏት ጽፈዋል። የጻፉት ምን ያህል እንደሚከታተሏት ለማሳየት ነው፤ አምንዎታለሁ። ግን በእሷ ወንበር ይቀመጡና ይዩት። 92ቱን ይዛ የመጣችው እናቴ ደስ ይላታል ብላ ነው። የተጠየቀችው ስለ ስምንቱ ነው። እንዲህ ሲደጋገም ልጅ የምትሸሸው ሒሳብን ላይሆን ይችላል፤ ደስ ይላት የነበረው ጠረጴዛ የፈተና ክፍል ስለሆነባት ነው። ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠችው እናቷ የማያርሟት ትምህርት ፈልጋ ይሆናል። ወይም በቀላሉ ጂኦግራፊ ትወድ ይሆናል! ይህን ማወቅ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ልጅቷ ለምን እንደመረጠችው አንድም ቃል የለም። አልጠየቋትም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ምን ያድርጉ? አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ወክ አድርጉ። «ምን ስቦሽ ነው?» ይበሏትና ዝም ይበሉ። የጎረቤቱን ልጅ አያንሱ። መጀመሪያ ቀን ላትመልስልዎ ትችላለች፤ ይታገሱ። ሐሳቧን ከቀየረች፣ ትምህርት ሳይገፋ መቀየር ይቻል እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ ጠያቂዋ ግን እሷ ብትሆን ይሻላል።

ዝምታው ከቀጠለ የምክር ባለሙያ በአካል ማግኘት ሳያስፈልግዎ አይቀርም። መጀመሪያ ግን ብቻዎን ይሂዱ። ይዘዋት ከሄዱ «እናቴ ልታስመረምረኝ ወሰደችኝ» ነው የምትለው።