ሞላ ከመቀየርህ በፊት፦ ጅማ ላይ በየቀኑ ለምትነዳ ሴሊካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ገዝተሃል። ከመንደራ ሰፈር ወደ ሥራ በየቀኑ ትነዳታለህ፤ በወር አንድ ጊዜ ያህል ደግሞ አዲስ አበባ ደርሰህ ትመለሳለህ። ኩርባ ላይ ማዘንበሏ፣ ጉድጓድ ላይ መንገጫገጯ አስመርሮሃል፤ ቁመናዋም ትንሽ ዝቅ ቢል ደስ ይልሃል። እናም «ከፍታው የሚስተካከል ኮይልኦቨር (ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ተገጣጥሞ የሚመጣ) ላስመጣ ወይስ አጫጭር ሞላ ብቻ ልቀይር?» ብለሃል። የእኔ መልስ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው ነው። ይህችኑ ሴሊካ እዚሁ ጅማ ስድስት ዓመት ነድቻታለሁ፤ አጭሩን ሞላም ኮይልኦቨሩንም ገጥሜ አውጥቻለሁ። ገንዘቤ የባከነው መጨረሻ ላይ መደረግ የነበረበትን መጀመሪያ ላይ በማድረጌ ስለሆነ፣ አንተ እንዳትደግመው ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

አሁን የምትነዳት መኪና ከፋብሪካ እንደወጣችው አይደለችም። የእኛ ሰባተኛው ትውልድ ሴሊካ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ነው፤ የአንተዋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ፊቷ ማክፈርሰን ስትረት (ሾክ አብዞርበሩ ራሱ ጎማውን ደግፎ የሚይዝበት አሠራር)፣ ኋላዋ ድርብ ክንድ (ጎማውን ከላይና ከታች ሁለት ክንዶች የሚይዙበት) ነው፤ ክብደቷም ከ1,100 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ለመታጠፍ የተሠራች ቀላል መኪና ናት። ዛሬ የሚያስመርርህ ነገር በአብዛኛው የንድፏ ጉድለት አይደለም፤ የደረቀ ላስቲክና አቅሙ ያለቀ ሾክ አብዞርበር ነው። እኔም ይህን ሳላውቅ ነው የጀመርኩት።

ገና በገዛኋት ዓመት በ30 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላ አስመጥቼ ከአሮጌው ሾክ አብዞርበር ጋር ገጠምኩት። ቁመናዋ አምሮ ነበር፤ እዚህ ጅማ አጂፕ አካባቢ ሳቆማት ሰው ዞሮ ያያት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴን አሳፍሬ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ሶኮሩን አልፈን ወደ ግቤ በረሃ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ ደረስን። አንዱ ኩርባ ላይ አስፋልቱ በከባድ መኪና ጎማ ተገፍቶ እንደ ትልም ተሰንጥቋል። ፊቷ አንዴ ወረደ፣ ከታች ደረቅ ድምፅ ተሰማ፣ መሪው እጄ ላይ ቀለለ፤ መኪናዋም ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግራ ሸሸች። ከታች ቡና የጫነ ተሳቢ እየወጣ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ ርቀት ነበረን። እናቴ ወንበሩን እንደያዘች «ልጄ፣ ይቺ መኪና መሬቱን ትዘለዋለች እንጂ አትረግጠውም» አለችኝ። ስለ መኪና ምንም የማታውቅ ሴት ናት፤ ከዚያ በኋላ ካነጋገርኳቸው መካኒኮች ሁሉ ግን የእሷን ያህል ችግሩን በትክክል የነገረኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላ ይሸከማል፣ ሾክ አብዞርበር ያረግባል። ሞላው ተጨምቆ ያጠራቀመውን ጉልበት መልሶ ሲለቅ፣ ያንን ጉልበት ይዞ ወደ ሙቀት የሚቀይረው ሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ጠንካራ ሞላ ስትገጥም የሚለቀቀው ጉልበት ይበረታል፤ ለለስላሳው ሞላ እንኳ የደከመው አሮጌ ሾክ አብዞርበር ይህንን ሊይዝ አይችልም። ጎማው ጉድጓዱን ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነጥራል፤ በሚነጥርበት ቅጽበት ደግሞ ፍሬንም መሪም የሚይዙት መሬት የለም። በዚያ ላይ መኪናዋን ዝቅ ስታደርጋት ጎማው ወደ ላይ የሚወጣበትን ቦታ ቀንሰህበታል። ቦታው ሲያልቅ የሚያርፈው ሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ ያለው መከላከያ ላስቲክ ላይ ነው። በዚያች ሰከንድ ሞላህ ሞላ መሆኑ ያበቃል። የግቤው ደረቅ ድምፅ ይህ ነበር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ዝቅ ያለች መኪና ሁልጊዜ ማዘንበሏ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ፊት ላይ ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ፣ ብራቾ የምንለው፣ ዝቅ ስታደርጋት በጎማው በኩል ያለው ጫፉ ከውስጠኛው ጫፍ በላይ ይወጣል። ማክፈርሰን ላይ እንዲህ ሲሆን አካሏ የሚያዘነብልበት ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል በበለጠ መጠን ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በረዘመ ቁጥር ኩርባ ላይ የሚያጋድላት ጉልበትም ይጨምራል። ስለዚህ ማዘንበልን ለመቀነስ ዝቅ አድርገህ፣ የሚያዘነብላትን ጉልበት ራሱን ልታሳድገው ትችላለህ። ጠንካራው ሞላ ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ ዋጋውን ግን ወገብህ ይከፍላል።

ይህን በቃሌ እንድትቀበለኝ አልፈልግም፤ ራስህ ለካው። ፊት ለፊት ባለው ሾክ አብዞርበር ላይ የአቧራ መከላከያውን ወደ ላይ ገፍተህ፣ የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ለኤሌክትሪክ ሽቦ ማሰሪያ የምንጠቀምበትን ቀጭን ፕላስቲክ እሰር። በጣም አታጥብቀው፤ በጣት ሲገፋ የሚንሸራተት ይሁን። ወደ ታች ገፍተህ ከሾክ አብዞርበሩ አናት ጋር አስጠጋው። ከዚያ የዘወትር መንገድህን ንዳ፤ አንድ ቀን ወደ ሥራ፣ አንድ ቀን እስከ አጋሮ ደርሰህ ተመለስ። ስትመለስ ፕላስቲኩ የት እንደቆመ ተመልከት። ከመከላከያው ላስቲክ በታች ሁለት ሦስት ጣት ቦታ ከቀረለት ጤነኛ ነህ። ላስቲኩ ውስጥ ተወትፎ ካገኘኸው ግን ቦታ ጨርሰሃል። የእኔው፣ በአጭሩ ሞላ፣ አጋሮ መሄድ አላስፈለገውም። ከአጂፕ ተነስቼ የጅማ ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በር ላይ ስደርስ ላስቲኩ ውስጥ ተጣብቆ፣ ጠርዙም ተሰባብሮ አገኘሁት።

እሺ፣ ምን ልቀይር ካልክ፣ መጀመሪያ ላስቲኮቹን ነው። የብራቾውን ቡሾች (መገጣጠሚያው ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች)፣ የሾክ አብዞርበሩን የላይኛው መቀመጫ ከነኩሽኔታው፣ የስታቢላይዘሩን (የግራና የቀኝ ጎማን አያይዞ ማዘንበልን የሚቀንሰውን ብረት) ላስቲኮች፣ የመሪውን ቴስቲናዎች (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኙትን) አስፈትሽ። ፍሬን ስትይዝ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትትህ ከሆነ ወይም ከፊት «ኳ» የሚል ድምፅ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ነገር አደራ እልሃለሁ። እኔ ቡሾቹን መጀመሪያ ያስቀየርኩበት ጋራዥ መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ፣ ጎማዎቿ ተንዘላዝለው ሳሉ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጠበቃቸው። የጎማ ቡሽ ግን አይሽከረከርም፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ እየተጠመዘዘ ነው የሚሠራው። ተንጠልጥላ ከጠበቀ፣ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ቆማ እንኳ ሳለ የተጠመዘዘ ይሆናል። የእኔዎቹ አምስት ወር ሳይሞላቸው ተቀደዱ። ትክክለኛው አሠራር ብሎኑን ለስለስ አድርጎ ማስገባት፣ መኪናዋን በጎማዎቿ ላይ ማሳረፍ፣ መጨረሻውን የጥብቀት ዙር ከዚያ በኋላ ማድረግ ነው። ጠጋኙ ላይ ቆመህ አሠራ፤ አትፈር።

ከላስቲክ ይልቅ ጠንካራ በሆነው ፕላስቲክ፣ በፖሊዩሬታን፣ ስለተሠራ ቡሽም የሚመክሩህ ይኖራሉ። መሪውን ስል ያደርገዋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ንዝረቱን ሁሉ ወደ ወንበርህ ያመጣል፤ አቧራና ጭቃ ሲገባው ይጮኻል፤ ቅባት በየጊዜው ይፈልጋል። ለዕለት መኪና አልገጥመውም።

የላስቲኮቹ ሥራ ካለቀ በኋላ ገንዘብህን የምታፈሰው ሾክ አብዞርበር ላይ ነው፤ ከአጭሩ ሞላ ጋር ሳይሆን ከፋብሪካው ሞላ ጋር የሚስማማውን ፈልግ። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። ድርብ ቱቦ የሚባለው ለስላሳ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፤ በረጅም ኮረኮንች ላይ ግን ዘይቱ ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ስለሚሠራ ሲሞቅ ይደክማል። ነጠላ ቱቦው ዘይቱንና ጋዙን በፒስተን ለይቶ ጋዙን በከፍተኛ ግፊት ይይዘዋል፤ አረፋ አይሠራም፣ ሙቀቱንም በቀጥታ በቱቦው ግድግዳ ያስወጣል። የጃፓኑ ካያባ፣ የሆላንዱ ኮኒ፣ የጀርመኑ ቢልስታይን ሁሉም የታወቁ ናቸው። ከቢልስታይን ብትወስድ ስሞቹን አትደባልቅ፦ ቢ 4 እንደ ፋብሪካው ያለ ነው፤ ቢ 6 ጠንከር ያለ ሆኖ ለፋብሪካው የሞላ ቁመት የተሠራ ነው፤ ቢ 8 አጠር ያለ ሆኖ ዝቅ ለተደረገች መኪና ነው። ለአንተ የሚሆነው የቢ 6 ዓይነት ነው፤ ቁመቷ ሳይነካ አካሏን ይይዝልሃል። ለሴሊካህ የሚስማማውን ቁጥር ከሻንሲ ቁጥርህ ጋር አመሳክረህ ብቻ እዘዝ።

አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄደህ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ስታስመጣ፣ ማሸጊያውን አትመን። አንድ ጊዜ በታወቀ ስም ካርቶን ውስጥ ሌላ ሰው የሠራው ዕቃ ተሸጦልኝ ያውቃል። ጥንዱን አቁመህ ሁለቱን ዘንጎች ባንድ ጊዜ ጫን፤ የቀኝና የግራው እኩል ካልታዘዙ መልሳቸው። ድርብ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ሳይገጠም አቁመህ ሙሉ በሙሉ አራት አምስት ጊዜ ጨምቀህ ልቀቀው። ተጋድሞ ስለሚጓዝ አየር ወደ ውስጠኛው ቱቦ ይገባል፤ ይህን ሳታደርግ ከገጠምከው አዲስ ሆኖ ሳለ እንደ አሮጌ ይንኳኳል።

ኮይልኦቨርን መጥፎ ነው አልልህም። ጥሩ የተሠራና ለመንገድ የተመረጠ ሞላ ያለው ከሆነ ድንቅ ነገር ነው። የእኔ ችግር ሁለት ነበር። ርካሹን ነው የገዛሁት፤ ርካሾቹ ደግሞ የሚጨመቁበት ቦታ አጭር፣ ሞላቸው ለእኛ መንገድ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ነው። ሁለተኛው የጅማ ክረምት ነው። ቀዩ ጭቃ ከፍታውን የሚያስተካክለው ቀለበት በሚዞርበት ጥርስ ውስጥ ገብቶ ደረቀ፤ እንደገና ረጠበ፤ እንደገና ደረቀ። መስከረም ላይ ከፍታዋን አንድ ጣት ላነሳ ብል ቀለበቱ በቁልፉ አልዞር አለኝ፤ ዘይት ጨምረን፣ በመዶሻ ቀስ ብለን መትተን፣ በመጨረሻ ተበላሽቶ ወጣ። ከፍታው የሚስተካከል ነገር ገዝተህ ማስተካከል ካልቻልክ ምን ተረፈህ? ልትገጥም ከወሰንክ ጥርሱን በየወሩ በብሩሽ አጥበህ ቅባት ለመቀባት የምትጨክን ሁን።

አጭር ሞላ ለመግዛት ገንዘብ የጠፋው ሰው ደግሞ የፋብሪካውን ሞላ ቁረጠው ብሎ ይመክርሃል። ይህን በፍጹም አታድርግ። የተቆረጠ ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ይወጣል፤ ተመልሶ የሚያርፈው የት እንደሆነ አይታወቅም።

ጎማና ቸርኬ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ርካሹ ማሻሻያ እዚህ ስላለ። ጎማም ሞላ ነው፤ ጉድጓዱን ቀድሞ የሚቀበለው የጎኑ ቁመት ነው። 215/40 በ17 ቸርኬ ብትገጥም የጎኑ ቁመት 86 ሚሊ ሜትር ነው። 205/50 በ16 ከሆነ 102 ተኩል። 205/55 በ15 ከሆነ ወደ 113 ይደርሳል፤ ጠቅላላ ቁመቱ ግን ከ16ቱ የሚለየው በ5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያህን አያዛባውም። ሴሊካ ከፋብሪካ በ15 ቸርኬም ትወጣ ነበር። እኔ ከ17 ወደ 15 ስወርድ መኪናዋ ያገኘችው ምቾት ካጠፋሁት ብዙ ገንዘብ ይበልጥ ነበር፤ ቸርኬ የማቃናት ጉዳይ ይዤ ጎሚስታ ቤት መመላለሴም ቀረ። ነፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ልክ አስሞላ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ማዘንበሏ አሁንም ከበዛብህ የኋላውን ስታቢላይዘር በትንሹ ወፍራም በሆነ ቀይረው። ሞተሯ የፊት ጎማዎችን የሚነዳ መኪና ኩርባ ላይ አፍንጫዋን ወደ ውጭ የመግፋት ጠባይዋን ይቀንስላታል። የፊቱን አትንካ፤ ሁለቱን ጎማዎች አጥብቀህ ካሰርካቸው በአንድ ጎን ያለ ጉድጓድ ጭንቅላትህን ግራና ቀኝ ይወዘውዘዋል። ማንኛውንም ነገር ከነካህ በኋላ ደግሞ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) አሠራ፤ አዲስ ጎማ በሁለት ወር ውስጠኛው ጠርዙ ተበልቶ ያየሁት ይህን ስላዘገየሁ ነው።

ቁመናዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታይሃል፤ ይገባኛል፣ እኔም ያንን ዝቅ ያለ መልክ አሁንም እወደዋለሁ። የእኔዋ ዛሬ በፋብሪካው ሞላ፣ በጠንከር ያለ ነጠላ ቱቦ ሾክ አብዞርበር፣ በአዲስ ላስቲኮችና በ15 ቸርኬ ነው የምትሄደው። ባለፈው ጥር እናቴ ከግቤ እስከ ወልቂጤ ተኝታ ሄዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሰርቦ እወጣለሁ፤ ብትችል አንተም መኪናህን ይዘህ ና። በመሄጃው የእኔን ንዳት፣ በመመለሻው የአንተን። ያቺን ቀጭን ፕላስቲክ እኔ ይዤልህ እመጣለሁ፤ ሰርቦ ደርሰን ስንመለስ የት እንደቆመች አብረን እናያለን።