የጣርማበር ቁልቁለትና ዳገት፦ ቤንዚኑ የት ነው የሚያልቀው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በ1.3 ማኑዋል ኮሮላ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሸዋ ሮቢት ደርሼ እመለሳለሁ። ስመለስ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት እጭናለሁ፤ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ። ድሮ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ይሄድልኝ ነበር፤ አሁን 11 ቢሞላ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብዬ ከጣርማበር ቁልቁል በፎሌ (ማርሽ አውጥቼ) እወርዳለሁ፤ ለውጥ ግን አላየሁም። ስመለስ ዳገቱ ላይ የቤንዚን መርፌዋ ዓይኔ እያየ ትወርዳለች። ቆላው ላይ እንዳይግል ተብሎ ከዓመት በፊት ቴርሞስታቱ ወጥቶለታል። ችግሩ ከሞተሩ ነው ወይስ ከአነዳዴ?»

መልስ፦ ከሁለቱም ነው። ከሁሉ አስቀድመው ግን ፎሌውን ዛሬውኑ ይተዉት።

የእርስዎ ኮሮላ ቤንዚን የሚረጨው በኢንጀክተር ነው ብለን እንውሰድ። ማርሽ ገብቶ እያለ እግርዎን ከቤንዚን መስጫው ጨርሰው ሲያነሡ፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ሲያይ ኢንጀክተሮቹን ይዘጋል፤ ሞተሩ እየዞረ ቤንዚን ግን አንዲት ጠብታ አይገባም። የሞተሩ ዙር ወርዶ በደቂቃ ወደ 1,000 ወይም 1,200 ሲጠጋ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ መልሶ ይከፍተዋል። ፎሌ ሲያደርጉት ነገሩ ይገለበጣል። ጎማዎቹ ከሞተሩ ስለተለያዩ ሞተሩ ራሱን ለማዞር በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጡት በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) መጠጣት ይጀምራል። የሞቀ 1.3 ሞተር በሚኒሞ በሰዓት ከ0.6 እስከ 0.8 ሊትር ይጨርሳል። ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ያስኬዳል። ስለዚህ በፎሌ ሲወርዱ ግማሽ ሊትር ያህል ያቃጥላሉ፤ በማርሽ ቢወርዱ አብዛኛው በነጻ ነበር።

ሰውን የሚያሳስተው የሞተሩ ድምፅ ነው። በ3ኛ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ይጮሃል፤ «ይህ ሁሉ ጩኸት ቤንዚን ነው» ተብሎ ይታሰባል። ጩኸቱ የሚጠባው አየር ነው። እግርዎ ከቤንዚን መስጫው ላይ እስካልሆነ ድረስ 3,000 ዙርም ሆነ 3,500 ዙር ዋጋው ዜሮ ነው፤ ሞተሩንም አይጎዳውም። ይህ ኢንጀክተር ላላቸው ነው። የድሮ ካርቡራተር ያለው መኪና በማርሽ ሲወርድም ጥቂት ይጠጣል፤ ፍሬኑን ስለሚያድንለት ግን እሱም ፎሌ ሊደረግ አይገባውም።

የፍሬኑ ጉዳይ ከቤንዚኑ ይበልጣል። ከጣርማበር ዋሻ አፍ እስከ ደብረ ሲና ያለው ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ፎሌ ከሆነ ክብደቱን ሁሉ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ብቻ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩ። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ጨርሶ የማይሞከር ነው፤ የፍሬኑ ማገዣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያጠራቀመውን የመሳብ ኃይል (ቫኪዩም) ይጨርስና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ ይቆለፋል።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ማርሹን የሚቀንሱት ዋሻውን ሳይጨርሱ ነው፤ መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ 2ኛ ለማስገባት መታገል ፍሪሲዮኑን ይበላል፣ አልገባ ካለም ሳያስቡት ፎሌ ላይ ያስቀርዎታል። ያንኑ መንገድ ሲወጡ የሚያስገቡትን ማርሽ ሲወርዱም ያስገቡ። እስከ ደብረ ሲና እንደ ኩርባው 2ኛ ወይም 3ኛ፣ ከዚያ ወደ አርማንያ መንገዱ ሲለቅ 3ኛና 4ኛ ይበቃል። ዙር ቆጣሪ ከሌለዎት፣ በዚህ መኪና 2ኛ ማርሽ በ40፣ 3ኛ ማርሽ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 3,000 ዙር ነው። ፍጥነቱ ከሚፈልጉት ሲያልፍ ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ይያዙና ይልቀቁ፤ በትንሹ ረግጦ ለረጅም መንገድ መያዝ ነው ሸራ የሚያቃጥለው። ቁልቁለቱ ላላ ብሎ መኪናው በ3ኛ እየተጎተተ ከቀዘቀዘ አንድ ማርሽ ይጨምሩ እንጂ ቤንዚን አይስጡት። አውቶማቲክ የሚነዱ ሰዎች «ዲ» ላይ ትተው ከሚወርዱ፣ እንደ መኪናቸው «2»፣ «ኤል» ወይም «ቢ» ላይ ያድርጉት።

አሁን ወደ ዳገቱ። መርፌዋ ዓይንዎ እያየ መውረዷ በራሱ የብልሽት ምልክት አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ላይ ነው፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። መኪናው ከነሹፌሩና ከነጭነቱ 1,300 ኪሎ ያህል ነው ብንል፣ ያን ከፍታ ለማውጣት ብቻ፣ መንገዱ ከሚወስደው በተጨማሪ፣ 3 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። ይህን የትኛውም የአነዳድ ጥበብ አያስቀረውም። በተመሳሳይ ስሌት አንድ ኩንታል ሽንኩርት ዳገቱን ሲወጣ የሚያስወጣው ሩብ ሊትር አይሞላም። ስለዚህ ሽንኩርቱን አይወቅሱት፤ የሚወቀሰው ቦታው ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ኩንታል ከክብደቱ ይልቅ ንፋስ በመግጨት ይጎዳዎታል፤ የዚህ መኪና ጣሪያም አንድ ኩንታል እንዲሸከም አልተሠራም፣ በኩርባ ላይ ሚዛኑን ያናጋዋል። ሁለቱንም ኩንታል ወደ ውስጥ ያስገቡ፦ አንዱን የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ከኋላ ወንበሩ ጋር አስጠግተው፣ ሌላውን ከኋላ የሚቀመጡ ሰዎች እግር በሚያሳርፉበት ወለል ላይ ከፋፍለው። ፖርቶመጋላውን ደግሞ ባዶ ሲሆን ይፍቱት። ባዶውም ንፋስ ይይዛል።

ዳገት ላይ ቤንዚን የሚባክነው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ መርገጥ ነው። ጣርማበር አካባቢ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩቡን፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ያጣል። ሹፌሩ ጉልበቱን ለማስመለስ ይረግጣል፤ ፔዳሉ ወለሉን ሲነካ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ያበዛዋል፣ ጉልበቱ ግን የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሦስት አራተኛ ድረስ ይርገጡና መኪናው ካልጎተተ ማርሽ ይቀንሱ። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ «ትልቅ ማርሽ ይቆጥባል» ብሎ ዳገት ላይ በ4ኛ፣ በ1,500 ዙር ማስጨነቅ። ሞተሩ ሲያንኳኳ ከሰሙ ዘግይተዋል። ዳገት ላይ የሚስማማው ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር ነው።

ሦስተኛው ብዙ የሚያስወጣው ነው፤ እሱም ፍሬን ነው። በዳገት ላይ የተረገጠ ፍሬን ሁሉ ከፍለው የገዙትን ፍጥነት መጣል ነው። ወደ ኩርባው ሲጠጉ ቀድመው እግርዎን ያንሡ፤ ዳገቱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ማርሹን ከኩርባው በፊት ይቀንሱና ኩርባውን በዚያው ይዙሩት። ከተጫነ ተሳቢ ጀርባ ተለጥፈው አይውጡ። እሱ ሲቆም እርስዎም ቆመው በ1ኛ ማርሽ መነሣት፣ ከዚያ እንደገና መቆም፣ ከቤንዚኑም አልፎ ፍሪሲዮን ያቃጥላል። 50 ወይም 60 ሜትር ርቀው በ2ኛ ማርሽ ሳይቆሙ ይከተሉት፤ ቀጥ ያለና አርቆ የሚታይ ቦታ ሲገኝ ብቻ ይለፉ። ጉም ከወረደ ማለፍ የለም።

ከጉዶ በረት እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ ነገሩ ቀላል ነው፦ 5ኛ ማርሽ፣ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር። ፍጥነት ከ80 ወደ 100 ሲወጣ የንፋሱ ግፊት በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፤ የሚያተርፉት ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው።

አሁን ቴርሞስታቱ። ከ14 ወደ 11 ለመውረዱ ትልቁን ድርሻ የምንሰጠው ለዚህ ነው። ቴርሞስታት የሚሠራው ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅና ሙቀቱን ይዞ እንዲቆይ ነው፤ በ82 ዲግሪ አካባቢ እስኪከፈት ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ አያሳልፍም። እሱ ከወጣ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ይዞራል። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ ሞተሩ ብዙ መንገድ ሄዶም በወጉ አይሞቅም። ኮምፒውተሩም «ገና ቀዝቃዛ ነው» እያለ ቤንዚን ያበዛል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ኢንጀክተሮቹን የሚዘጋበትን ዙር ከፍ ስለሚያደርገው፣ በማርሽ በመውረድ ሊያተርፉት ከሚገባው ከፊሉን ያጣሉ። ምልክቱ ይህ ነው፦ የሙቀት መርፌው መሃል አይደርስም፣ ደርሶም ከሆነ ቁልቁለት ላይ ተመልሶ ይወርዳል።

ትክክለኛውን ቴርሞስታት ከነጎማ ማተሚያው ያስገቡ። ከመግጠምዎ በፊት በድስት ውሃ ውስጥ አድርገው ያሙቁት፤ ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ ካልተከፈተ አይግጠሙት። ትንሿ የአየር መውጫ ቀዳዳ ወይም ፒን ካለችው ወደ ላይ ትሁን። ከተገጠመ በኋላ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቅዞ ቆይቶ በድንገት መሞቅ አለበት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልዘጋም ማለት ነው። ቴርሞስታት ገብቶ ሸዋ ሮቢት ላይ ከጋለ፣ በሽታው የተደፈነ ራዲያተር፣ ያልያዘ የራዲያተር ክዳን ወይም የማይነሣ ቬንትሌተር ነውና እሱን ያሠሩ። ቴርሞስታት ማውጣት በሽታውን ደብቆ ሌላ ወጪ ማምጣት ነው።

ጠዋት መኪናውን አስነሥቶ ሩብ ሰዓት በሚኒሞ ማሞቅ ደብረ ብርሃን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ይቅር። ግማሽ ደቂቃ፣ ውርጭ ከሆነ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ መርፌው እስኪነሣ ድረስ ከ2,500 ዙር ሳያልፉ በዝግታ ይንዱት። እየሄደ ሲሞቅ ካምቢዮውና ኩሽኔታውም አብረው ይሞቃሉ።

የጎማ ንፋስ ላይ እናንተ አካባቢ የሚፈጠር ልዩ ስሕተት አለ። ከቁልቁለቱ ወርደው ጎማው ግሎ ሳለ ሸዋ ሮቢት ጎሚስታ ጋ ሲለካ ይበዛል፤ «አበዛኸው» ተብሎ ወደ 32 ፒኤስአይ ይቀነሳል። በማግስቱ ጠዋት ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ቢለካ 27 አካባቢ ሆኖ ይገኛል። ከፍ ብሎ መውጣት ልኬቱን በ2 ያህል ይጨምረዋል፤ ብርዱ ግን ከዚያ በላይ ይቀንሰዋል። ስለዚህ የሚለካው ጠዋት፣ ከመነሣት በፊት፣ ደብረ ብርሃን ነው። መጠኑ በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል፤ ለጭነት የተለየ ቁጥር ከተጻፈ በሚጭኑበት ቀን እሱን ይከተሉ። በጋለ ጎማ ላይ ንፋስ አይቀንሱ።

አንድ ሌላ ምርመራ ቀርቷል። በፎሌ ብዙ ስለወረዱ አንዱ ፍሬን ይዞ የቀረ ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳይነኩ ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ አይንኩት፣ ሊያቃጥልዎ ይችላል። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ በክሪክ አንሥተው በእጅ ያሽከርክሩት። ሸራው ሲፋቅ መሰማቱ አያስደነግጥም፤ ጎማው ወዲያው ከቆመ ግን የፍሬኑ ፒስተን ወይም ተንሸራታች ፒኖቹ ዝገው ይዘውታል፣ ከኋላ ከሆነም የእጅ ፍሬኑ ገመድ ጠብቆ ይሆናል። ፊልትሮና ካንዴላ ጊዜያቸው ካለፈ አብረው ይቀየሩ።

ለውጡን በመርፌዋ አይለኩት፤ ዳገት ላይ ቤንዚኑ በሰርባቶዮው ውስጥ ስለሚያጋድል መርፌዋ ትዋሻለች። ደብረ ብርሃን ከአንድ ማደያ፣ ከአንዱ ቀጂ ማሽን፣ የመጀመሪያዋ «ቀጭ» እስክትል ይሙሉ፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ ያድርጉት። ሸዋ ሮቢት ደርሰው ሲመለሱ፣ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ነው፣ እዚያው ማሽን ላይ በዚያው ልክ ይሙሉ። ኪሎ ሜትሩን ለገባው ሊትር ያካፍሉ። ቁልቁለቱን ብቻ ወይም ዳገቱን ብቻ መለካት ምንም አይነግርዎትም፤ ደርሶ መልሱ ነው ሚዛኑ። አሁን 17 ሊትር ከምናምን እየወሰደ ነው፤ ወደ 14 ከተመለሱ 13.5 ሊትር ገደማ ይገባዋል። መጀመሪያ አነዳዱን ብቻ ቀይረው ሦስት ጉዞ ይለኩ፣ ቀጥሎ ቴርሞስታቱን አስገብተው ሌላ ሦስት። ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው ምን እንዳተረፈ አይለይልዎትም። ከስድስቱ ጉዞ በኋላም ከ16 ሊትር ካልወረደ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር በኮምፒውተር ያስመርምሩ።