መልስ፦ የኢንዲያናፖሊስ መርከበኞች መታሰቢያ

ውድ ጠያቂ፣ በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ የሚገኘው የ«ኢንዲያናፖሊስ» ክሩዘር (ትልቅ የጦር መርከብ) መታሰቢያ የሞቱትን ብቻ የሚዘክር እንደሆነ ጠይቀዋል። አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1995 በከተማዋ ቦይ ዳር የተመረቀው የግራናይት ሐውልት፣ በመጨረሻው ጉዞ የነበሩትን መርከበኞች ስም፣ የተረፉትንም ያለቁትንም፣ በደቡብ ገጹ ላይ ይዟል። ይህም ተገቢ ይመስለኛል። መርከቧ ኋላ ሂሮሺማ ላይ የተጣለውን የአቶሚክ ቦምብ ክፍሎች በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ቲኒያን ደሴት ካደረሰች በኋላ፣ ጁላይ 30 ቀን 1945 በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በ12 ደቂቃ ገደማ ስትሰጥም፣ ወደ 900 የሚጠጉ ሰዎች በሕይወት ባሕር ውስጥ ቢገቡም፣ መቅረቷን ልብ ያለ ባለመኖሩ ለቀናት በውኃ ጥም፣ በፀሐይና በሻርክ ተሠቃይተው የተረፉት 316 ብቻ ናቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ያያቸው የቅኝት አውሮፕላን እንኳ እነርሱን ፍለጋ የወጣ አልነበረም። ሐውልቱ የተመረቀውም አውሮፕላኑ ባያቸው በ50ኛ ዓመቱ ዕለት ነው።